ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፤ የአንድ ሐረግ ታሪክ

ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ መንግሥታት ወኪሎች ስለ ኢትዮጵያ አንድ ውል ተፈራረሙ። ከፈራሚዎቹ መካከል ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ውሉ በመግቢያው የኢትዮጵያ ነባር ሁኔታና የግዛቷ አንድነት እንዲጠበቅ የቆመ መስሎ ይናገራል። ወደ ታች ሲነበብ ግን ለሦስቱም የየድርሻቸውን ጥቅም ይደለድላል፤ ለእንግሊዝና ለግብፅ የዓባይን ሸለቆ፣ ለፈረንሳይ የጅቡቲን የኋላ አገርና የምድር ባቡሩን መሥመር ይሰጣል። ለኢጣሊያ ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን በየብስ የሚያገናኝ ምድር ይታወቅላታል፤ ይህ ምድር የሚገኘው «ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ» መሆኑም በጽሑፍ ሰፍሯል።

ሐረጓ በወረቀት ላይ አጭር ናት። አንባቢ ከወረቀት ወደ ምድር አውርዶ ቢመለከታት ምን ያገኛል? ከመዲናይቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጥቶ የጅማውን መንገድ ይዞ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ሰበታ ይደርሳል። በአምቦው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲወጣ ብዙም ሳይርቅ ቡራዩን ያገኛል፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉን የሚያቁረው የገፈርሳ ግድብም በዚያው ነው። በሁለቱ መንገዶች መካከል የወጨጫ ተራራ ቆሟል። ወደ ሰሜን እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃሙ መንገድ ሲወርድ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ሦስቱ ሦስት በሮች ናቸው፤ የሰበታው በር ወደ ከፋ፣ የቡራዩው ወደ ወለጋና ወደ ባሮ ወንዝ፣ የሱሉልታው ወደ ዓባይ በረሃና ወደ ጣና ሐይቅ ያወጣል። በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በእያንዳንዱ በር ላይ ዓይኑን የጣለ ኃያል መንግሥት ነበር።

በእነዚህ በሮች ወደ ምዕራብ ባቡር ለማውጣት አስቀድሞ ያሰበው ግን ኃያል መንግሥት አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ኮንሴሲዮን ሲሰጡ ሥራው በሦስት ክፍል እንዲከናወን ተወስኖ ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነው። ይህ ሦስተኛው ክፍል በታሪክ መጻሕፍት ቶሎ ይታለፋል፤ ስላልተሠራ ነው። ነገር ግን የዐድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት ሲቀረው ምኒልክ አገራቸውን ቀይ ባሕርንና ዓባይን የምታያይዝ ድልድይ አድርገው ማየታቸውን የሚመሰክር ጽሑፍ ስለ ሆነ ቶሎ ባይታለፍ ይሻል ነበር።

የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ የአካባቢው ሁኔታ ተለወጠ። በስተምዕራብ የነበረው ጎረቤት የድርቡሽ መንግሥት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት በመተማ አፄ ዮሐንስ የወደቁት ከዚሁ መንግሥት ጦር ጋር በተደረገ ውጊያ ነበር፤ ደሙ ገና አልደረቀም ለማለት ይቻላል። ሆኖም እንግሊዝና ግብፅ በዓባይ ወደ ላይ ጦር ማዝመት ሲጀምሩ ምኒልክና ከሊፋ አብዱላሂ መልእክተኞች ተላላኩ። ሁለቱም ወገኖች ከነጮች የሚመጣው አደጋ በመካከላቸው ካለው ቂም የበለጠ መሆኑን ተገንዝበው ነበር። ከሌላው በኩል ግን ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከፈረንሳዮች ጋር ስለ ነጭ ዓባይ ተዋዋሉ፤ በግንቦት ወር ደግሞ ወደ ድርቡሾች መሣሪያ በአገራቸው በኩል እንዳያልፍ ለእንግሊዞች ቃል ሰጡ። ለሁሉም ተስፋ መስጠትና ለማንም አለመታሰር የዘመኑ የዲፕሎማሲ ጥበባቸው ነበር። ለአገራቸው ጊዜ ገዝቶላቸዋል፤ ለጎረቤታቸው ግን የሰጠው ነገር አልነበረም። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ኦምዱርማን ወደቀች፤ የከሊፋው መንግሥት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያ በምዕራብ የምትጎራበተው ከእንግሊዝ ጋር ሆነ።

የዚህ ውጤት በቡራዩው በር አቅጣጫ ወዲያውኑ ታየ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የድንበር ውል እንግሊዝ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የምታቆምበት ቦታ ተፈቀደላት። ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚገድብ ሥራ ያለ እርሷና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ተጻፈ። ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር አሳልፋ እንድትሠራም መብት አገኘች። ባቡሩ ሳይሠራ ቀረ። የንግድ ጣቢያው ግን ጋምቤላ ሆኖ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም የሚወርድበት ወደብ እስከ መሆን ደረሰ፤ ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስም በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆየ።

በምሥራቅ በኩል ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ ገብቶም ቆመ። ምክንያቱ ተራራም በረሃም አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሊወድቅ ሲል የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. በድጎማ ገብቶ ሥልጣኑን በእጁ አድርጎ ነበር። ምኒልክ ለአንድ የግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በአንድ መንግሥት እጅ መግባቱን ሲረዱ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ወደ መሐል አገር እንዲቀጥል መፍቀዳቸውንም አዘገዩት። ንጉሠ ነገሥቱ ለባቡር ያላቸው ጉጉት የታወቀ ስለ ነበር ይህ ዝግታ ለብዙ አውሮፓውያን እንቆቅልሽ ሆነባቸው። እንቆቅልሽ የሚሆንበት ምክንያት ግን የለም። ሐዲዱን የሚቆጣጠር ኬላውንም እንደሚቆጣጠር ያውቁ ነበር።

እንግዲህ የለንደኑ ውል የተፈረመው ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ሦስቱ መንግሥታት የምኒልክን ፈቃድ ሳይጠብቁ ባቡሩን በመካከላቸው ተከፋፈሉት። እስከ አዲስ አበባ ያለው የፈረንሳይ ኩባንያ ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚሠራ ሐዲድ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ይሠራል፤ ከኤርትራ ተነሥቶ አዲስ አበባን በምዕራብ ዞሮ ወደ በናድር የሚወርድ ሐዲድ ቢኖር የኢጣሊያ ይሆናል። ምኒልክ ውሉ በቀረበላቸው ጊዜ ለተደረገላቸው ማስታወቂያ አመስግነው፣ ይህ ስምምነት ሉዓላዊ ሥልጣናቸውን በምንም መንገድ እንደማይወስን አስታወቁ። ምስጋናው ጨዋ ነው፤ ከምስጋናው በኋላ ያለው ግን አይደራደርም።

በ1900 ዓ.ም. ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊያን አዲስ ኮንሴሲዮን ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለ። በ1909 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ባቡሩ አዲስ አበባ ደረሰ። ከጅቡቲ እስከ ለገሀር 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ ሊሄድ የታሰበው ሦስተኛው ክፍል ግን በለገሀር ግድግዳ ፊት ተገታ። ለዚህ የለንደኑ ውል ብቻውን ተጠያቂ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የገንዘብ እጥረት፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትና የምኒልክ ሕመም እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ሦስት ኃያላን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውን መሬት እርስ በርስ ሲጠባበቁበት ገንዘቡን ይዞ የሚመጣ ደፋር ኩባንያ ከየት ይገኛል?

ሐረጓ ግን አልሞተችም። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ትፈልጋለች፤ ኢጣሊያ ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ «ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ» የሚያልፍ ባቡር ትፈልጋለች፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ጥያቄ በአዲስ አበባ ፊት ይደግፋል። የሱሉልታው በርና የሰበታው በር በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ተለዋወጡ ማለት ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በዚህ ጊዜ ምኒልክ ያልነበራቸው አንድ መሣሪያ ነበራቸው፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መስከረም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች። በሰኔ 1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ ባቀረቡት አቤቱታ፣ አንድ አባል አገር ሳይጠየቅ ሁለት አባሎች በምድሩ ላይ ለምን ይዋዋላሉ ብለው በዓለም ፊት ጠየቁ። ለንደንና ሮም በኢትዮጵያ ላይ ጫና የማድረግ ሐሳብ የለንም ብለው መልስ ለመስጠት ተገደዱ።

ይህ የራስ ተፈሪ አቤቱታ ከፍ ያለ ግምት ይገባዋል። ደካማ የሆነ አገር ኃያላን በዝግ ቤት የሚዋዋሉትን አደባባይ ቢያወጣባቸው ጊዜ ሊገዛ እንደሚችል አሳይቷል። የገዛው ጊዜ ግን ዐሥር ዓመት ብቻ ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ በውል ያላገኘችውን በጦር ያዘች፤ ማኅበሩም ዳር ቆሞ ተመለከተ። ከኢጣሊያ በቀር የሚገዛው ስላልቀረ ወራሪው ከመዲናይቱ በሦስቱም በሮች አቅጣጫ መንገድ ቀደደ፤ ለጦሩና ለጭነቱ የሚያስፈልገው እርሱ ነበርና። ከኤርትራ ወደ ሶማሊያ የሚወርደው ባቡር ግን በወራሪውም እጅ አልተሠራም።

ከነፃነት በኋላ ያለውን ፈጥነን እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገ ስምምነት የባቡሩ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ እንዲሆንና ኢትዮጵያ የእኩሌታው ባለቤት እንድትሆን ተወሰነ። ምኒልክ የተቆጡበት ጉዳይ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ በግማሹ ተቃለለ ማለት ይቻላል።

የአካባቢው መንግሥታት እርስ በርስ መደጋገፍ ወይም መጠፋፋት እንደሚችሉ በግልጽ የታየው በ1969 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር ፊደል ካስትሮ የኢትዮጵያን፣ የሶማሊያንና የደቡብ የመንን መሪዎች ኤደን ላይ አገናኝተው በአንድ ፌዴሬሽን እንዲተሳሰሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ማራኪ ነበር፤ ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በአንድ የሚጠብቅ ኅብረት ይሆናል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ዚያድ ባሬ የኦጋዴንን ጥያቄ ለድርድር አላቀርብም አሉ፤ ኢትዮጵያም ወሰኗን ለድርድር አላቀረበችም። ስብሰባው ፈረሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጦርነት ተነሣ። ሶቭየት ኅብረት የሶማሊያን ወዳጅነት ትታ ወደ ኢትዮጵያ ዞረች፤ አሜሪካም ወደ ሶማሊያ ተጠጋች። ሁለቱ ኃያላን ቦታ ሲለዋወጡ በመካከል ያለቁት የሁለቱ አገር ወጣቶች ናቸው።

ጅቡቲ ነፃነቷን ያወጀችው በዚሁ ጊዜ፣ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ድልድዮች ፈርሰው የባቡሩ ጉዞ ተቋርጦ ስለ ነበር አዲሲቱ አገር ነፃነቷን የተቀበለችው የወደቧ ዋና ደንበኛ ከተቆረጠባት በኋላ ነው። ኢትዮጵያም በበኩሏ ወደ አሰብ ብቻ እንድታማትር ተገደደች። ያ አጭር ጊዜ ስለ ትብብር ከተጻፉ ብዙ መግለጫዎች ይልቅ ያስረዳል።

በ1973 ዓ.ም. ሁለት ስምምነቶች ተፈረሙ። አንደኛው በነሐሴ ወር ኤደን ላይ በኢትዮጵያ፣ በሊቢያና በደቡብ የመን መካከል የተፈረመው የወዳጅነትና የትብብር ውል ነው፤ በዜና ማሰራጫዎች ብዙ ተባለለት። ሁለተኛው በመጋቢት ወር በኢትዮጵያና በጅቡቲ መካከል የተፈረመው የምድር ባቡሩ የጋራ ድርጅት ስምምነት ሲሆን ስለ ዋጋ፣ ስለ ጥገና፣ ስለ ሠራተኛና ስለ ሂሳብ ክፍፍል የሚናገር ደረቅ ወረቀት ነው። የኤደኑ ውል ሦስቱም አባሎች በአንድ ኃያል ጎራ የተሰለፉ ስለ ነበሩ የጎራው ጥላ ነበር፤ ጎራው ሲፈርስ የሚያስታውሰው አልተገኘም። በባቡሩ በኩል ግን አንዱ የፈረንሳይ ጦር የሰፈረበት አገር፣ ሌላው የሶቭየት መሣሪያ የታጠቀ አገር ሆነው ሳሉ ባቡሩ ይመላለስ ነበር፤ እህልና ጨው፣ ቡናና ጫት ይጭን ነበር። ትብብር የሚጸናው በሐሳብ አንድነት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የዚህ ሐዲድ ታሪክ ግን አይደግፋቸውም።

በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ያስከተለው እልቂት ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። በጥር 1978 ዓ.ም. የጅቡቲ፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የሶማሊያ፣ የሱዳንና የዩጋንዳ መሪዎች ጅቡቲ ከተማ ላይ ተሰብስበው በድርቅና በልማት ጉዳይ የሚሠራ በይነ መንግሥታት ባለሥልጣን አቋቋሙ። ስሙን ያስተውሏል። ሶማሊያ የበርበራን ወደብ ለአሜሪካ ጦር ፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ የሶቭየት ወዳጅ ናት፤ ኬንያና ሱዳን የየራሳቸው ወዳጅ አላቸው። ስለ ጦርና ስለ ወሰን የሚነጋገር ድርጅት ቢሉት አንዳቸውም አይመጡም ነበር። ስለ ዝናብ ቢሉት ሁሉም መጡ። በዚያው ስብሰባ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ከጦርነቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተገናኙ። ድርጅቱም በ1988 ዓ.ም. ሥልጣኑ ሰፍቶ ዛሬ ኢጋድ የምንለው ሆነ።

ከግንኙነቱ የወጣው ፍሬ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ስምምነት ነው። ሁለቱ መንግሥታት ጦራቸውን ከድንበር ሊያርቁ፣ ምርኮኞችን ሊለዋወጡ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። ለዐሥራ አንድ ዓመት በየእስር ቤቱ የቆዩ ምርኮኞች ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ስምምነቱ ሌላም ገጽ አለው። በኢትዮጵያ ምድር መጠጊያ የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ መጠጊያውን ሲያጣ በግንቦት ወር ወደ ቡርኦና ወደ ሐርጌሳ ዘመተ፤ የዚያድ ባሬ መንግሥትም ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደባት። በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ሁለት መንግሥታት ጦራቸውን ወደ ውስጥ ለማዞር ሲሉ የታረቁበት ትብብር እንዲህ ያለ ዋጋ አስከፍሏል። በስብሰባ አዳራሽ የተጨባበጡ እጆች ፎቶግራፍ ሲታተም ከፎቶግራፉ ውጭ የቀረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የጸሐፊና የመምህር ሥራ ነው።

አሮጌው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ እያረጀ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት ቆመ። በምትኩ የተዘረጋው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስታንዳርድ ጌጅ ሐዲድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የዚህ ሐዲድ የምዕራብ ጫፍ ለገሀር አይደለም፤ ሰበታ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባን አልፎ ወደ ምዕራብ ያልተሻገረ ሐዲድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ተሻገረ። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሆኖ የተዘረጋውም በዚህ ክፍል ጭነቱ እንደሚበዛ ታስቦ ነው።

የለንደኑን ውል ያነበበ ሰው በዚህ ቦታ መጠየቁ አይቀርም፤ አሁንስ ሐዲዱ የማን ነው? ብድሩ በአብዛኛው ከቻይና ኤክሲም ባንክ የተገኘ ነው። ሥራውን የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ ወዲያ። የጋራ ኩባንያው አክሲዮን ሦስት አራተኛው የኢትዮጵያ፣ አንድ አራተኛው የጅቡቲ ነው። በሌላው ጫፍ ያለችው ጅቡቲ በትንሽ መሬቷ ላይ የፈረንሳይን፣ የአሜሪካን፣ የጃፓንን፣ የኢጣሊያን፣ ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የቻይናን ጦር ሰፈር አስተናግዳለች። ፈረንሳይ በ1894 ዓ.ም. ኩባንያውን በድጎማ በያዘች ጊዜ ምኒልክን ያሳሰባቸው ጥያቄ ዛሬም የሚነሣ ነው፤ ገንዘብ ሰጪው ባለቤት ይሆናል ወይ? በዚህኛው ዘመን የተሰጠው መልስ ከዚያኛው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከዐሥር ወደ ሠላሳ ዓመት ተራዘመ። ስድስት ዓመት በቻይናውያን ሲመራ የቆየው አገልግሎትም በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላለፈ። አሽከርካሪውም፣ የጣቢያ ኃላፊውም፣ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛውም የሁለቱ አገር ልጆች ናቸው። ዕዳው ግን አሁንም አለ፤ ለመለዋወጫና ለቴክኒክ የሚታየውም ወደ ምሥራቅ ነው።

ሌላው ባለ ጉዳይ በማንኛውም ውል ላይ ያልፈረመው የሰበታ አካባቢ ገበሬ ነው። ፋብሪካውም፣ መንገዱም፣ ሐዲዱም መሬት ይፈልጋሉ፤ መሬቱም የእርሱ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን በመቃወም የተነሣው እንቅስቃሴ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አዳርሷል፤ ፕላኑም በ2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። ሐዲዱ በተመረቀበት በዚያው ሳምንት፣ በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ በሰበታና በዙሪያዋ ፋብሪካዎች እየተቃጠሉ ነበር። ሪባን የተቆረጠውና እሳት የተነሣው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ስለ መንግሥታት ትብብር የሚጽፍ ሰው ይህን በግርጌ ማስታወሻ ሊያሳልፈው አይገባም። የሐርጌሳው ታሪክ ያሳየን ነገር በሌላ መልክ በዚህም አለ፤ ሁለት መንግሥታት ሲስማሙ በስምምነቱ መሬት ላይ ያለው ሕዝብ ሦስተኛ ወገን መሆኑ ይረሳል።

ከሰበታ ወዲያ ወደ ጅማና ወደ ደቡብ ሱዳን አቅጣጫ የሚያመራ ሐዲድ በምድር ባቡር ኮርፖሬሽኑ ዕቅድ ውስጥ ሰፍሮ ነበር፤ አልተሠራም። የ1886 ዓ.ም. ኮንሴሲዮን ሦስተኛ ክፍል የሚለውም ይህንኑ አቅጣጫ ነው። በጅማው መንገድ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች የከፋንና የኢሉባቦርን ቡና ይዘው ሐዲዱን ተሻግረው ወደ መዲናይቱ ይገባሉ። ለዚያ ቡና መንገዱ ዛሬም ጎማ ነው።